በሾላው ላይ ሁለት አራሶች

አራስ ቤት ተኝታችሁ የማታውቁ ወንዶች፣ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ተኝታችሁ የምታውቁ ሴቶች ደግሞ ያጋነንኩት ነገር ካለ አርሙኝ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በባለቤቴ እናት ቤት ነው። ከአንድ ቀን ረፋድ እስከ ማግስቱ ጠዋት ባለው ጊዜ ተጀምሮ አለቀ። እኔ ግን ዛሬም ሳወራው ድምፄ ይለወጣል።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ስሜ ምሕረት ነው፤ ፎቶ አንሺ ነኝ። መሃል ከተማ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ትንሽ ስቱዲዮ አለን። ሰርግ በሉት ምርቃት፣ ልደት በሉት ሽምግልና፣ ካሜራዬን አንግቤ ያልገባሁበት ድግስ የለም። ሟች እናቴ «አንቺን የሚያስር ገመድ ገና አልተገመደም» ትለኝ ነበር። ለካ ተገምዶ ኖሯል፤ የመጀመሪያ ልጄን ናታንን ስወልድ አገኘኝ።

እናት ስለሌለችኝ የታረስኩት በአማቴ በእማማ አስቴር ቤት ነው። እማማ አስቴር ጥሩ ሰው ናቸው። ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ፤ ወደ ፊት ልትረሱት ትችላላችሁ። ከቆጮ የሚሠራው ቡርሳሜ በቅቤ እየዋኘ ይመጣልኛል፣ አጥሚቱ ሳይበርድ ይተካል። ሌሊት ናታን ሲያለቅስ ከእኔ ቀድመው ይነሣሉ። በጸሎት ቤታቸው አንቱ የተባሉ ጸሎተኛ ስለሆኑ «አጉል እምነትና ጌታ አብረው አያድሩም» እያሉ ሌላውን ይመክራሉ። አንድ ቀን ትራሴን ሳገላብጥ ግን ከሥሩ ቢላዋ አገኘሁ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሽንኩርት ነው» አሉ ዓይናቸው ሳይርገበገብ። «እዚያው ተዪው።»

ቀልዱ ግን እዚያ ላይ ያበቃል። በአራስ ቤት ሕጋቸው ድርድር የለም። በር ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል። አራስ ነፋስ አያገኛትም። በተለይ በቀትር ደጅ ከወጣች ምች ይመታታል፣ በእሷ በኩል ልጁም ይታመማል። «እስከ መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቅ መልሳቸው «እኔ በቃ እስክልሽ» ነው። ሌሎች አራሶች ወጥተው ገበያ ሲሄዱ እኔ ገና መጋረጃ ውስጥ ነበርኩ። ባለቤቴ ታምራት ለሥራ ዲላ ሰንብቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚመጣው። ቢመጣም በእናቱ ፊት ምላሱ ትታሰራለች።

ልጄን እወደዋለሁ። ጣቶቹን አይቼ አልጠግብም ነበር። ግን ቀኑ በገፋ ቁጥር ምሕረት የምትባል ሰው የሞተችና ማንም ያላለቀሰላት እየመሰለኝ መጣ። ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። ጓደኛዬ ከስቱዲዮ ስትደውል ስልኩን አላነሳም። ናታንን አቅፌ ግድግዳ ሳይ እውላለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ጤነኛ ልጅ ወልዳ፣ በቅቤ እየታረሰች የምታለቅስ ሴት ምን ትባላለች?

ያተረፈችኝ አንዲት መስኮት ናት። የላይኛው ክፍሏ መጋረጃ አይደርስበትም። አልጋው ላይ ተደግፌ ስቀመጥ በእሷ በኩል የግቢው ጥግና የቆመው ትልቅ ሾላ ይታየኛል። ረጅሙን ሌንስ ታምራት እንዲያመጣልኝ ለመንኩትና አመጣው። እማማ «ካሜራ አራስ አይጎዳም?» ብለው ትንሽ አሰቡና ፈቀዱ።

በሾላው ግንድ ላይ፣ ከቤቱ ጣሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ የቆየ ቀዳዳ አለ። እኔ ከሆስፒታል ስመጣ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ወፎች ያንን ቀዳዳ እየዘጉ ነበር። ሐዋሳ የኖረ ሰው ያውቃቸዋል፤ ሐይቁ ዳር ዛፍ ላይ ሆነው አህያ እንደታነቀ የሚጮኹት፣ መንቁራቸው ላይ ቀንድ የሚመስል ነገር የተደረበባቸው ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን አላውቅም፤ እኔ ባለ ቀንዱ እላቸዋለሁ። ሴቷ ውስጥ ገብታለች። ወንዱ ጭቃ በጉሮሮው እያመጣ ያቀብላታል፣ እሷ ከውስጥ ትለስናለች። በመጨረሻ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወንዱ በቀን ደጋግሞ እየመጣ፣ ከጉሮሮው ሾላ እያወጣ በስንጥቋ ያጎርሳታል። እሷ የመንቁሯን ጫፍ ብቻ ታወጣለች።

ስቄ ነበር። «እማማ አስቴር እዚህም አሉ» አልኩ ለናታን። አራሷ ተዘግቶባታል፣ ምግቧ በበር ይቀርብላታል፣ ነፋስ አያገኛትም። ሰሞኑን ደግሞ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መሰማት ጀምሮ ነበር። ወልዳለች ማለት ነው፤ ያው ፈልፍላለች።

ሌላዋ አራስ ግን በመስኮቴ አጠገብ ባለው ማንጎ ላይ ነበረች። የሌሊት ወፍ ናት። ቀን ቀን ከቅጠሉ ሥር ተንጠልጥላ ትተኛለች፤ ፊቷ ውሻ ይመስላል፣ ጆሮዋ ሥር ነጭ ምልክት አላት። በሌንሱ ሳጠጋት ደረቷ ላይ አንድ ነገር ተለጥፎ አየሁ። ልጇ ነው! በክንፏ ጠቅልላዋለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ልጇን እንዳቀፈች ወደ ሾላው በረረች። ሾላ ትለቅማለች፣ ታኝካለች፣ ጭማቂውን ውጣ ገለባውን ትተፋለች፤ ልጁ ግን ደረቷ ላይ እንደተጣበቀ ነው። የሚያጎርሳት ባል አላየሁም። የዘጋባትም የለም። በወለደች ማግስት ሥራ የገባች ሴት ናት።

እንግዲህ ቀኑን የማሳልፈው እነዚህን ሁለት እናቶች በማነጻጸር ሆነ። አንዷ ላባ አላት፣ እንቁላል ትጥላለች፣ ቀን ትበላለች። ሌላዋ ጠጉር አላት፣ ታጠባለች፣ ማታ ትበላለች። ማዕዳቸው ግን አንድ ዛፍ ነው። አንዷ ለልጇ ብላ ዓለምን ዘጋች፤ ሌላዋ ልጇን ይዛ ወደ ዓለም ወጣች። የትኛዋ ትክክል ናት? ልቤ የሌሊት ወፏ ላይ እንደነበር አልደብቃችሁም። ባለ ቀንዷን አዝንላት ነበር፤ እንደ ራሴ እስረኛ አድርጌ ነበር የማያት።

እማማ አስቴር በበኩላቸው የሌሊት ወፍ ሲባል ፀጉራቸው ይቆማል። «የሌሊት ወፍ የሸናችበት ልጅ ፊቱ ይቆስላል» ይላሉ። «ደግሞ እሷ እምነት የላትም። ወፎች ግብር ክፈሉ ሲባሉ ‹እኔ ጥርስ አለኝ›፣ አይጦች ሲጠየቁ ‹እኔ ክንፍ አለኝ› ያለች አይደለች?» ይህ ተረት የቆየ ነው፤ እሳቸው ግን ትናንት የደረሰባቸው አስመስለው ነው የሚያወሩት።

መጀመሪያ ባነሣሁላችሁ ቀን ጠዋት፣ እማማ ገመድ ላይ ባደረ የናታን ልብስ ላይ የታኘከ የሾላ ገለባ ተለጥፎ አገኙ። እኔ ሌሊቱን ናታን ሆዱን ነፍቶት ሲያስቸግረኝ አድሬ፣ ረፋዱ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። በእንቅልፌ መሃል የሰው ንግግር ሰማሁ፤ እማማ በሲዳምኛ ከአንድ ሰው ጋር ያወራሉ። ከዚያ መሰላል ተንኳኳ። መልሶ ወሰደኝ።

የቀሰቀሰኝ የባለ ቀንዱ ጩኸት ነው። ጩኸቱን ለምጄዋለሁ፤ የዛሬው ግን ሌላ ነበር። ቀና ብዬ በመስኮቷ ሳይ ወንዱ ግንዱ ላይ ተለጥፎ መንቁሩን ከግንዱ ጋር ያላትማል፤ ድው፣ ድው፣ ድው። ሌንሱን አነሣሁ። ስንጥቋ የለችም። በቦታዋ ለስላሳ፣ ግራጫ፣ ገና ያልደረቀ ሲሚንቶ አለ።

ወፉ ከጉሮሮው አንድ ሾላ አውጥቶ በመንቁሩ ጫፍ ይዞ ሲሚንቶው ላይ አስጠጋ። የሚቀበለው የለም። ሾላው ወደቀ። ሌላ አወጣ፤ ያም ወደቀ። መልሶ አንኳኳ።

«እማማ!» ብዬ ጮህኩ። «እማማ!»

ሮጠው ገቡ። «ልጁ ምን ሆነ?»

«ቀዳዳው ላይ ምን አደረጋችሁ?»

«አይዞሽ» አሉ እፎይ ብለው። «ግንበኛውን ጋሽ ዱካሌን ጠርቼ የሌሊት ወፎቹን ቤት አስደፈንኩት። ተመስገን ነው፤ ከእንግዲህ ናታን ላይ የሚሸና የለም።»

ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ናታንን በነጠላ ደረቴ ላይ ጥፍር አድርጌ ማሰሬን፣ በሩን መክፈቴንና ብርሃኑ ዓይኔን መምታቱን ነው። ቀትር ነበር፤ ምች የሚመታበት ሰዓት።

«ምሕረት! በቀትር! ኧረ በጌታ!» እማማ ከኋላዬ ጮኹ። ሲያዩኝ እንደማልመለስ ገባቸው መሰለኝ ጃንጥላ ይዘው ሮጡ። እኔ በግቢው እየሄድኩ፣ እሳቸው ጃንጥላውን ከላዬ ዘርግተው፣ እግር በእግር እየተከተሉ ይቆጡኛል። «ዳማከሴ እንኳ አላሸተትሽም! ልጁን! የልጁን ጭንቅላት ሸፍኚ!»

ሾላው ሥር ደረስንና ቆምን። ከእግራችን ሥር ሾላ ተበትኗል። ወፉ አየን፣ አልሸሸም። አንድ ፍሬ አወጣ፣ ሲሚንቶው ላይ አስጠጋ፣ ጠበቀ፣ ወደቀበት።

እማማ መቆጣታቸውን አቆሙ። «ምንድን ነው የሚያደርገው?» አሉ።

«ሚስቱን እያጎረሰ ነው።»

«የቷን ሚስት?»

«እዚያ ውስጥ ያለችውን። አራስ ናት እማማ። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ እዚያ ነው የተኛችው። ልጇም ከእሷ ጋር ነው። የሌሊት ወፎቹ እዚያ ኖረውም አያውቁም፤ እነሱ ማንጎው ላይ ናቸው። የደፈናችሁት አራስ ላይ ነው።»

ጃንጥላው ቀስ እያለ ወረደ። አማቴን ደንግጠው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «አራስ ላይ?» አሉ በሹክሹክታ። «እኔ? አራስ ላይ ዘጋሁ?» ጆሮዬን ከግንዱ አስጠጋሁ። ምንም አይሰማም። ስንጥቋ ምግብ ማስገቢያ ብቻ አልነበረችም፤ አየርም የሚገባው በእሷ ነው። ሲሚንቶው እየደረቀ ነው። መሰላሉ ከግንበኛው ጋር ሄዷል።

እኔ ለጋሽ ዱካሌ ደወልኩ። እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ሌላ ሥራ ይዟል። «ልጄ፣ የእኔ ሲሚንቶ እንዲፈርስ ሆኖ አይሠራም» አለኝ በኩራት። «ደግሞ ስደፍነው ውስጡ የሆነ ነገር ‹እፍፍ› ብሎብኛል። የሌሊት ወፍ ነው፤ ይሙት። ደግሞ ካስፈለገ ነገ እመጣለሁ።»

«እስከ ነገ ይሞታሉ፣ ጋሽ ዱካሌ!»

እማማ ስልኩን ከእጄ ነጠቁ። በሲዳምኛ የተናገሩት ሁሉ አልገባኝም፤ ግን የዱካሌ ድምፅ እያነሰ እያነሰ ሲሄድ እሰማ ነበር። ዘግተው ስልኩን መለሱልኝ። «እየመጣ ነው» አሉ።

እስኪመጣ ያለው ጊዜ አያልቅም ነበር። ደመናው ከሐይቁ ማዶ እየከበደ መጣ። ወንዱ ወፍ ማንኳኳቱን ትቶ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ክንፉን እያፏጨ ወደ ሐይቁ ሄደ። «ተስፋ ቆረጠ» አሉ እማማ። «አይቆርጥም» አልኩ፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ናታን ደረቴ ላይ እንቅልፉን ለጥጧል። ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ ተኝቶ አያውቅም።

ጋሽ ዱካሌ ባጃጅ ላይ መሰላሉን አስሮ መጣ። መዶሻና መሮ ይዞ ወጣ። ከታች ሁለት ሴቶች እንጮሃለን፤ አንዷ «ቀስ!» ስትል ሌላዋ «ፍጠን!» ትላለች። ምስኪኑ ሰውዬ መሃል ላይ ተሰቅሎ «አንድ ላይ ወስኑና ንገሩኝ» አለ። ሲሚንቶው ከላይ ጠጥሯል፤ ከሥሩ ግን ገና ነበር። ፈቀቅ ሲል ግን የወፏ የጭቃ ግድግዳ አብሮ ተገነጠለ። ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ወለል ብሎ ቀረ።

ምንም አልወጣም። ድምፅም የለም።

«ሞተዋል?» አሉ እማማ።

ዱካሌ የስልኩን መብራት አብርቶ ፊቱን አስጠጋ። ወዲያው «ኧረ እናቴ!» ብሎ ወደ ኋላ ተንጋደደ፤ መሰላሉን እማማ ባይዙት ኖሮ ወድቆ ነበር። አፍንጫው ላይ ደም አለ። «ነከሰችኝ! ይቺ ምን ወፍ ናት፣ ነብር ናት እንጂ!»

«አራስ ነብር ነው የሚባለው» አሉ እማማ። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ አላቆም ብሎኝ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እማማም ያለቅሱ ነበር።

ነገር ግን ገና አላለቀም። ዱካሌ ያየውን ነገረን። ወፏ በሕይወት አለች፤ ጫጩቱም ከሥሯ ይንቀሳቀሳል። የክንፏ ላባ ግን ብዙው ረግፏል፤ መብረር የምትችል አትመስልም። ግድግዳዋ ፈርሷል። ሐይቅ ዳር ደግሞ ጦጣ ከሰው ይበልጣል፤ ሻይ ከእጃችሁ ነጥቆ የሚጠጣ ጦጣ፣ በሩ የተከፈተ ጫጩት አይምርም። ወንዱም ሄዷል፤ መመለሱን ማን ያውቃል?

እማማ አስቴር መጥረጊያ ይዘው ሾላው ሥር ወንበር አስቀመጡ። «ጦጣ ይምጣና ያያል» አሉ። ዝናቡ መጣ፤ ጃንጥላውን ዘርግተው እዚያው ተቀመጡ። እኔ ከእነ ናታን በረንዳው ላይ ሆንኩ። ወደ ውስጥ ግቢ አላሉኝም። ረስተውት ይሁን ወይም ልብ አጥተው አላውቅም።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትጠልቅ የሌሊት ወፏ ከማንጎው ተነሣች። ሌንሱን ለእማማ ሰጠኋቸው። «በዚህ ይዩ። ደረቷን ይዩ።»

ብዙ ከፈለጉ በኋላ አገኟት።

«ይዛው ነው የምትሄደው?»

«አዎ።»

«በዚህ ነፋስ?»

«ሁልጊዜ።»

«አይወድቅባትም?»

«እስካሁን አልወደቀባትም።»

ካሜራውን አወረዱ። ወደ ሾላው እያዩ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ ተናገሩ። «ከታምራት በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ያን ጊዜ ገጠር ነን። የሚያርሰኝ አልነበረም፤ አባቷ ታሞ ተኝቷል። ገና ሳልጠነክር አዝዬያት ገበያ ወጣሁ። ስመለስ ዝናብ ያዘን። ሳል ጀመራት።» ሌንሱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ከዚያ በኋላ አራስ በር ላይ ቆማ ሳይ ያ ዝናብ ይታየኛል። አንቺን የዘጋሁብሽ ጠልቼሽ አይደለም፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ እማማ» አልኩ፤ ግን እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር። ከዚያ እኔም ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። ግድግዳ እያየሁ እንደምውል፣ የሞትኩ እንደሚመስለኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እጄን ያዙኝና እስኪጨልም አልለቀቁኝም።

ማግስቱን ገና ሲነጋጋ እማማ በሩን አንኳኩ። «ምሕረት! ነይ! መጣ!»

ወንዱ ባለ ቀንዱ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆሟል። ሾላ አወጣ። ከውስጥ መንቁር ብቅ ብሎ ተቀበለው። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ከኋላ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ጫጩቱ ነው። እማማ «ተመስገን! ተመስገን!» እያሉ እንደ ሕፃን ዘለሉ።

ሴቷ አሁን ወለል ያለ በር አላት። መውጣት ባትችል እንኳ አንገቷን አውጥታ ዓለምን ማየት ትችላለች። እኔ ያንን ነበር የጠበቅኩት። ወንዱ ግን ሄደና ጭቃ ይዞ ተመለሰ። አቀበላት። እሷም ተቀብላ፣ በመንቁሯ ጎን እየመታች የቀዳዳውን ጠርዝ መለሰን ጀመረች። በዚያ ጠዋት ግድግዳዋን እንደገና ስትሠራ አየናት።

«አየሽ!» አሉ እማማ በደስታ ጭኔን መትተው። «አላልኩሽም? አራስ መዘጋት አለባት! ከፍተንላት እንኳ ዘጋችው!»

«ዘጋችው እማማ» አልኩ። «ግን የዘጋችው ራሷ ናት። ትናንት የደፈንንባት እኛ ነበርን፤ ልንገድላት ነበር። ዛሬ ያው ቀዳዳ እየተዘጋ ነው፣ እሷ ግን ምንም አልሆነችም።»

እማማ ወንዱ ሁለት ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ አዩት። ከዚያ ወደ ክፍሌ ገቡ። መጋረጃውን ሰብስበው በእጃቸው ይዘው በር ላይ ቆሙና፣ ከመጣሁ ጀምሮ ጠይቀውኝ የማያውቁትን ጠየቁኝ።

«አንቺስ? ልዝጋው ወይስ ይከፈት?»

«ይከፈት» አልኩ። «እርስዎ ግን አጠገቤ ይሁኑ።»

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት አማቶችን ለመውቀስ አይደለም። እኔ አራስ ቤቱ ራሱ ጠላቴ ይመስለኝ ነበር፤ ለዚህም ነው ባለ ቀንዷን እስረኛ፣ የሌሊት ወፏን ነፃ ሴት አድርጌ ስፈርድ የከረምኩት። ተሳስቻለሁ። ባለ ቀንዷ ግድግዳዋን የሠራችው በፈቃዷ ነው፤ ያን ጊዜ ግድግዳ ቤት ነው። ያው ግድግዳ በሰው እጅ ሲለሰንባት ግን መቃብር ሆነ፣ ያውም በፍቅር የተለሰነ መቃብር። የሌሊት ወፏም ብትሆን የሚያጎርሳት ብታገኝ እምቢ ትል እንደሆነ ማን ጠየቃት? እናንተም ቤት አራስ ካለች፣ አጥሚቱን ይዛችሁ ስትገቡ ይህን አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፤ ምን ትፈልጊያለሽ በሏት። ዝም ብላ ግድግዳ የምታይ ከሆነ ደግሞ ደስታ ነው ብላችሁ አትለፏት። አነጋግሯት፣ ካስፈለገም ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ። እኔ እማማ ይዘውኝ ሄደው ነበር፤ ጠቅሞኛል።

እኔ ሁለቱንም ሆንኩ። ጥቂት ሳምንታት በፈቃዴ ቤት ከረምኩ፤ በሩ ክፍት ነበርና አልከበደኝም። ከዚያ ናታንን ደረቴ ላይ አስሬ ሥራ ገባሁ። መጀመሪያ አካባቢ እማማ ጃንጥላቸውን ይዘው አብረውኝ ሰርግ ቤት ይመጡ ነበር፤ ሙሽራን «ቀና በይ፣ ልጄ ፎቶ ታንሣሽ» እያሉ የሚያዙ እሳቸው ናቸው። አሁንማ አምነውኝ ብቻዬን ይለቁኛል።

አንድ ቅዳሜ ሙሽሮች በሐይቁ ዳር አቁሜ፣ ናታንን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ ሳነሣ ስልኬ ጮኸ። እማማ ናቸው። እየጮኹ ነው የሚያወሩት።

«ምሕረት! ግድግዳውን ከውስጥ አፈረሰችው! ወጣች! ልጁም ወጣ፣ ቅርንጫፉ ላይ ነው፤ ክንፉን እየሞከረ ነው! ወይኔ፣ አንቺ ሳታይው! ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቅሽው አንቺ!»

«እርስዎ ይዩልኝ፣ እማማ» አልኳቸው። «እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»